የወይብ እንግዳ አዳኝ

ከሻሸመኔ ተነስቶ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ የሚጓዝ መንገደኛ የባሌዋ ዲንሾ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ባለፈ ከፍታ ላይ ነው። በበጋ ሌሊት ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል። ከተራራው የሚወርደው የወይብ ወንዝ ውሃ እኩለ ቀን ላይ እንኳ እጅ ያደነዝዛል። በዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ጅረቱ ትልቅ ድንጋይ መትቶ ለሁለት በሚከፈልበትና ከድንጋዩ ኋላ ጸጥ ያለ ቦታ በሚተውበት፣ አንድ ዓሣ ፊቱን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሮ ይቆማል። ጭራውን በጥቂቱ ከማወዛወዝ በቀር አይንቀሳቀስም። የሚፈልገውን ጅረቱ ራሱ ያመጣለታል፤ የነፍሳት እጭ፣ ከሣር ላይ የወደቀ ፌንጣ፣ አንዳንዴም መንገድ የሳተ ትንሽ ዓሣ። ያን ጊዜ ይወረወራል፣ ይውጣል፣ ተመልሶም እዚያው ቦታው ላይ ይቆማል።

ጀርባው ቡናማ ነው፤ ሆዱ ወደ ቢጫ ያደላል። ጎኑ ላይ የተበተኑትን ቀያይ ነጠብጣቦች ገረጣ ያለ ቀለበት ይከባቸዋል። ጥርስ ያለው በመንጋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን በላንቃውም ላይ ነው፤ አንዴ የነከሰው እንስሳ ከአፉ ሾልኮ ለመውጣት ይቸገራል። ስሙ ቡናማ ትራውት ነው። ዘመዱ ቀስተ ደመና ትራውት ደግሞ ከስንጥቡ እስከ ጭራው በሚዘረጋው ሮዝማ ሰንበር ይለያል።

ሁለቱም ዛሬ በባሌ ወንዞች ይኖራሉ፤ ሁለቱም ግን የባሌ ተወላጆች አይደሉም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፣ የምዕራብ እስያና የሰሜን አፍሪካ አትላስ ተራሮች ዓሣ ነው። ቀስተ ደመናው ከሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ እስከ ሩሲያዋ ካምቻትካ ድረስ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የሚፈሱ ወንዞች ልጅ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር ሰው እስኪያመጣቸው ድረስ አንድም ትራውት አልነበረም። ወደ ባሌ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ ነው። የመጡበት መንገድ ግን ከኬንያ በጣም ይርቃል፤ አንድ መቶ ዓመትና ሦስት አህጉራትንም ያካልላል።

በበረዶና በድንጋይ ሽበት የተጓዘ እንቁላል

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከብሪታንያ ወጥተው በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሰፈሩ ሰዎች ከአገራቸው ብዙ ነገር ይዘው ሄደዋል፤ በግ፣ ስንዴ፣ የአበባ ዘር፣ ጥንቸል። ይዘው መሄድ ያቃታቸው የወንዛቸውን ዓሣ ነበር። ትራውት ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውሃ ካጣ በአጭር ጊዜ ይሞታል። ከለንደን ወደ ደቡቡ ንፍቀ ክበብ የሚሄድ የሸራ መርከብ ደግሞ ወራት ይፈጃል፤ በዚያ ላይ የምድር ወገብን ሙቀት ማቋረጥ ግድ ነው። በርካታ ሙከራዎች መንገድ ላይ ከሸፉ።

መፍትሔው የተገኘው ዓሣውን ትቶ እንቁላሉን በመጫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 መጀመሪያ ኖርፎክ የተባለች መርከብ ከለንደን ስትነሳ በሆዷ የበረዶ ግምጃ ቤት ተሠርቶላት ነበር። በርጥብ የድንጋይ ሽበት መካከል የተደረደሩ የሳልሞንና የትራውት እንቁላሎች በትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች ተሞልተው በበረዶው መሐል ተቀበሩ። ቅዝቃዜው የጽንሱን ዕድገት አዘገየው፤ ሽበቱ ደግሞ እርጥበትና አየር ሰጠው። መርከቧ ሚያዝያ አካባቢ ሜልቦርን ገባች፤ ሣጥኖቹም ወደ ታዝማኒያ ተሻገሩ። ከተረፉት የትራውት እንቁላሎች ጥቂት መቶ ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ከእነዚያ ጥቂት መቶዎች የተራቡት ዓሦች የታዝማኒያን ወንዞች ሞሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ኒውዚላንድ ገቡ።

ዘዴው አንዴ ከታወቀ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ትራውት የብሪታንያ ሹማምንትና ሰፋሪዎች በሄዱበት ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ወደ ካሽሚር፣ ወደ ሲሎን ደጋዎች፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ። ኬንያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ባደረገው የእግር ጉዞ ስሙ የታወቀው ኢዋርት ግሮጋን ከስኮትላንዱ ሎክ ሌቨን የመጣ የቡናማ ትራውት ዘር በአበርዴር ተራሮች በሚገኘው የጉራ ወንዝ ጨመረ። ቀስተ ደመናው ትራውት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ተከተለ። የኬንያ ተራራና የአበርዴር ጅረቶች ከምድር ወገብ ሥር ቢሆኑም ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃቸው ቀዝቃዛ ነው። ዓሣው ተስማማው፤ የማጥመጃ ፈቃድ፣ ክለብና የዓሣ ማፈልፈያ ጣቢያም አብረው ተቋቋሙ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከኬንያ ድንበር ማዶ ከእነዚያ ተራሮች የሚበልጥ ሰፊ የደጋ አገር ነበር። የባሌው የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ የተንጣለለ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ የሚወርዱት ወይብ፣ ዳንካ፣ ሻያና ቶጎና ዓመቱን ሙሉ የሚፈሱ ቀዝቃዛ ወንዞች ናቸው።

የ1960ዎቹ ባሌ

ትራውት ወደ ባሌ የገባበት ዘመን ለጠቅላይ ግዛቱ ጸጥ ያለ ዘመን አልነበረም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በዋቆ ጉቱ የተመራው አመፅ በደቡብ ባሌ ቆላና በሐረና ደን ዙሪያ ተቀጣጥሎ ነበር። የመሬት ጥያቄ፣ የግብር ጫናና የአስተዳደር በደል ያስነሳው ትግል ነው። የአንገቱና የደሎ መና ከተሞች የሚገኙበት አካባቢ የዚያ ትግል ምድር ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት የባሌ ተራሮች ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎች ትኩረት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ የተሳተፉበት የዩኔስኮ ቡድን ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የዱር እንስሳትና መኖሪያቸው እንዲጠበቁ መከረ። ቀደም ሲል በዩጋንዳ የዱር እንስሳት ጥበቃን ይመሩ የነበሩት ጆን ብሎወር የመንግሥት አማካሪ ሆነው አዲስ አበባ ገቡ። ለብዙ ዓመታት በኬንያ የግብርና መሥሪያ ቤት የሠሩትና በንስር ጥናታቸው የታወቁት ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ባሌ ወጡ፤ ተራራው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ከተከራከሩት መካከልም አንዱ ነበሩ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ስፋቱ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

የዚያ ትውልድ ባለሙያዎች አስተሳሰብ በምሥራቅ አፍሪካ የተቀረጸ ነበር። ፓርክ ማለት እንስሳ የሚጠበቅበት፣ ከውጭ የሚመጣ እንግዳም ገንዘብ ከፍሎ የሚዝናናበት ስፍራ ነው። በኬንያ ደጋ የእንግዳ ማረፊያ ካለ ትራውት ያለበት ወንዝ አብሮ ይኖር ነበር። በባሌ ወንዞች ትራውት መጨመሩም የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው። በዘመኑ እንደ ጥፋት የቆጠረው አልነበረም፤ ባዶ ነው ለተባለ ወንዝ እንደ ተሰጠ ስጦታ ነበር የታየው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በዩጋንዳና በኬንያ የቅኝ አገዛዝ የዓሣ ሀብት ሠራተኞች ናይል ፐርችን ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ጨምረዋል። የተነሱበት ሐሳብም ያው ነበር፤ ትልቅና የሚበላ ዓሣ ከሌለበት ማምጣት ልማት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ለምን ተስማማው?

ብዙ ስደተኛ እንስሳት በአዲስ አገር ሳይራቡ ይቀራሉ። ትራውት በባሌ የተራባበት ምክንያት ወንዞቹን ጠጋ ብሎ ሲያዩ ይገባል።

የመጀመሪያው ቅዝቃዜው ነው። ቡናማ ትራውት ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ መብላቱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ የሚወርድ ውሃ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። ከዲንሾ በላይ ያለው ወይብና ገባሩ ዳንካ ሁለቱንም ያሟላሉ።

ሁለተኛው የወንዙ ወለል ነው። እንስቷ ትራውት እንቁላል ለመጣል ስትዘጋጅ ውሃው ፈጠን ብሎ የሚሄድበት፣ ወለሉ ንጹሕ ጠጠር የሆነበት ቦታ ትመርጣለች። በጎኗ ተጋድማ ጭራዋን በኃይል ታርገበግባለች፤ የሚነሳውን ጠጠር ጅረቱ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጉድጓድ ይፈጠራል። እንቁላሏን በጉድጓዱ ስትጥል ተባዕቱ ጎኗ ቆሞ ዘሩን ያፈስበታል። ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ተጠግታ እንደገና ትቆፍራለች፤ ከላይ የተቆፈረው ጠጠር በእንቁላሉ ላይ ይለበጣል። ውሃው 10 ዲግሪ ሲሆን የቡናማ ትራውት እንቁላል ለመፈልፈል 40 ቀን ያህል ይፈልጋል። የተፈለፈለው ጫጩት የተሸከመውን አስኳል እስኪጨርስ ድረስ በጠጠሩ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጠጠሩ መካከል ንጹሕ ውሃ ማለፍ አለበት፤ ደለል ከገባ ጽንሱ ታፍኖ ይሞታል።

ሦስተኛው ምግብ ነው። የባሌ ጅረቶች ድንጋይ ቢገለበጥ ሥሩ በነፍሳት እጭ የተሞላ ነው። ወጣት ትራውት በእነዚህ ያድጋል። ሲተልቅ ጥሩውን የአደን ቦታ ይይዛል፤ ታናናሾቹን ከዚያ ያባርራል፤ ዓሣና እንቁራሪትም ወደ ምግቡ ይጨምራል። በጎኑ የሚሄደው የስሜት መስመር የውሃን ጥቃቅን ንቅናቄ ስለሚነግረው በድንግዝግዝ ብርሃንም ያድናል።

ወሰኑም ከዚሁ ከተፈጥሮው ይመጣል። ወይብ ከደጋው ወርዶ ወደ ሶፍ ዑመር ሲቃረብ ውሃው ይሞቃል። ወንዙ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሰንጥቆ በሠራው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው ዋሻ ሲያልፍ ከእንግዲህ የትራውት ወንዝ አይደለም። ከዚያ በታች ጌስትሮ እየተባለ ወደ ሶማሌ ቆላ ይወርዳል፤ የገናሌን ውሃ ተቀላቅሎም ወደ ጁባ ያመራል።

ባለ አገሩና ዓሣው

ትራውት ሲመጣ የባሌ ደገኛ ኑሮ በገብስና በከብት ላይ የቆመ ነበር። ወተትና ቅቤ፣ የገብስ ገንፎና ጭኮ የገበታው ክብር ናቸው። ከብቶች በወቅት ወቅት በቆላና በደጋ መካከል የሚመላለሱበት ጎዳንቱ የተባለው ሥርዓት ከአንገቱና ከደሎ መና ቆላ እስከ ሰነቴ ሣር ድረስ ያለውን ምድር ያገናኝ ነበር። ውሃ ለባለ ከብት ሕይወቱ ነው፤ ማዕድን ያለበት ሆራ ደግሞ ከብቱ የሚፈወስበት ስፍራ። በወንዝ ውስጥ ያለ ዓሣ ግን በደጋው ከምግብ የሚቆጠር አልነበረም።

ስለዚህ ትራውት ለረጅም ጊዜ የእንግዶች ዓሣ ሆኖ ቆየ። አጥማጁ ዘንግና ጥቅልል ክር፣ በመንጠቆ ላይ ከላባና ከክር ተሠርቶ ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ ይዞ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ይመጣል። ፈቃድ ያወጣል፣ በወንዙ ዳር እየተራመደ ማጥመጃውን በውሃው ላይ ያንሳፍፋል። ክሩ ሲወጠር የደጋው እረኛ ልጅ ቆሞ ያያል። እያደር የወንዙ ዳር ልጆችም መንጠቆ ማሰር ተማሩ። በጉዞ መጻሕፍትና በጎብኚዎች ማስታወቂያ ላይ ባሌ ከቀይ ቀበሮና ከደጋ አጋዘን ጋር የትራውት አገር ተብሎ መጠራት ጀመረ።

ዓሣው አሁን በአካባቢው ሰዎች ሕይወት ውስጥ ገብቷል፤ ለአስጎብኚውና ለፈረስ አከራዩ አንድ ተጨማሪ የሥራ ምክንያት ነው። ከእንግዲህ ከወንዙ ጠራርጎ ማውጣትም የሚታሰብ አይደለም። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ብቻ ቢያልቅ ግማሹ ይጎድላል።

የትራውት ዕዳ በሌሎች አገሮች

ቡናማ ትራውት፣ ቀስተ ደመና ትራውትና ናይል ፐርች ሦስቱም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባወጣው የ100 ከባድ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። እዚያ የገቡት በባሕርያቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እነሱን የማያውቅ ፍጥረት ባለበት ውሃ ስለተጨመሩ ነው።

በኒውዚላንድ የቡናማ ትራውት መስፋፋት ጋላክሲያስ የሚባሉትን ቅርፊት የለሽ ትናንሽ የአገሩ ዓሦች ከብዙ ጅረቶች አጥፍቷል። የተረፉት በአብዛኛው ትራውት ሊወጣው ከማይችለው ፏፏቴ በላይ ያሉት ናቸው። በካሊፎርኒያ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሐይቆች ደግሞ ትራውት ከተጨመረባቸው በኋላ እግራቸው ቢጫ የሆነ የተራራ እንቁራሪቶች ጠፉ። እዚያ ተመራማሪዎች ትራውቱን ከተወሰኑ ሐይቆች በመረብ አውጥተው ውጤቱን ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናት እንቁራሪቶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዛት መመለሳቸው ተረጋገጠ። በቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው ከሁሉ የከፋ ነው። ናይል ፐርች ከተጨመረ በኋላ ለሁለትና ለሦስት አሥርት ዓመታት በዝግታ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቁጥሩ ሲፈነዳ ሌላ ቦታ የሌሉ ወደ 200 የሚጠጉ የሐይቁ ትናንሽ ዓሦች ጠፉ።

ናይል ፐርች በኢትዮጵያ በባሮ፣ በኦሞ፣ በአባያና በጫሞ ተወላጅ ነው። እዚያ ከሚበላቸው ዓሦች ጋር ለብዙ ሺህ ዘመን አብሮ ኖሯል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለባሌ ቅርብ ጉዳይ ነው፤ የባሌ ተራሮች በእንቁራሪት ሀብታቸው ከአፍሪካ ደጋዎች ሁሉ ልዩ ከሆኑት መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1991 ብቻ ሁለት ሌላ የትም ቦታ የማይገኙ ትናንሽ እንቁራሪቶች ከሐረና ደን ለሳይንስ ተመዝግበዋል። አንዷ ስሟን ከባሌ ያገኘችው ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ናት፤ በደን ጅረቶች ዳር የምትኖር ናት፤ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ፍጥረታት ተርታም ተመድባለች። ደኑ ሲመነጠር፣ የጅረቱ ዳር በከብት ሲረገጥ መኖሪያዋ ይጠባል። እንዲህ ባለ ምድር አዳኝ ዓሣን ወደ አዲስ ጅረት ማዛወር ማንም በራሱ ፈቃድ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አይደለም።

ጥርስ የሌለው አዳኝ

የኢትዮጵያ ውሃ አዳኝ ዓሣ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገውም ነበር። ለዚህ ትልቁ ምስክር ጣና ነው።

ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶታል። ከወለሉ የተወሰደው ደለል እንደሚያሳየው ከ15,000 ዓመት በላይ ቀደም ባለ ጊዜ ሐይቁ ደርቆ ነበር። ተመልሶ ሲሞላ ወንዞቹ ያመጡት ዓሣ ዛሬ በባሕር ዳር ገበያ ነጭ ዓሣ የሚባለውን ወገን የሚመስል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ዓሣ ነው። ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያደቅበት ጥርስ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሌላ አዳኝ እንዳለው ያለ ጨጓራም የለውም። እንደዚህ ካለ ፍጥረት ዓሣ አዳኝ ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

በጣና ግን ወጣ። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጎንደርና ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች በመለየት የመጀመሪያዎቹን ስሞች ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የጣሊያን የጥናት ቡድን ተጨማሪ መልኮችን መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን የብሪታንያ ሙዚየም ባለሙያ የነበረው ኪት ባኒስተር ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ አደረጋቸው፤ ልዩነታቸው መልክ ብቻ ነው ብሎ። የሆላንዱ ቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዓሦቹን አንድ በአንድ ለክተው፣ የሚበሉትንና የሚራቡበትን ተከታትለው 15 የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከእነዚያ ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው። አንዱ አካሉ ቀጠን ብሎ የረዘመ በመሆኑ ሳይንሳዊ ስሙ ትራውት መሳይ የሚል ሆኖ ወጣ። ጣና ከባዕድ አገር ያላስመጣውን አዳኝ ከራሱ አበቀለ።

ከአንገቱ በታች

የደቡቡ የባሌ ተዳፋት ሌላ ዓለም ነው። ከሰነቴ ቁልቁል ሲወረድ አስታው ቀርቶ በሪራ አካባቢ ቀርከሃው ይመጣል፤ ከዚያም ቡና በዱሩ የሚበቅልበት የሐረና ደን። አንገቱ የሐረና ቡሉቅ ወረዳ ከተማ ናት። ከደኑ የሚወጡት ወልመልና ያዶትን የመሳሰሉ ወንዞች ቁልቁል ሄደው ከገናሌ ይገናኛሉ።

ገናሌ የያዘውን ሀብት ያወቁት ጥቂቶች ናቸው። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጥናት ጉዞ አባላት፣ ከእነሱም የሞስኮው ሴቨርትሶቭ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ አሌክሳንደር ጎሉብትሶቭ፣ በዚህ ወንዝ የነጭ ዓሣው ወገን በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩ በርካታ መልኮች እንዳሉት ደረሱበት። አንዱ ከድንጋይ ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ ይፍቃል፤ ከንፈሩ ያበጠው በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይፈልጋል፤ አፉ የሰፋው ደግሞ ዓሣ ያድናል። ቦሪስ ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት የዘረመል ጥናት በገናሌ፣ በዴዴሳና በሶር ወንዞች እንዲህ ያሉ መልኮች በየወንዙ ለየብቻ መፈጠራቸውን አሳዩ። በጣና የተደረገው በወንዝም ተደርጓል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ በሐይቅ እንጂ በሚፈስ ውሃ እምብዛም አይጠበቅም ነበርና ግኝቱ ለሥነ ሕይወት ሊቃውንት ትልቅ ዜና ሆኗል።

እዚህ ላይ የባሌ ወንዞች ሁለት አዳኝ ታሪኮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። በላይኛው ደጋ ከለንደን በድንጋይ ሽበት ከተጓዘው እንቁላል ጀምሮ የሚቆጠረው የትራውት ታሪክ አለ፤ ፈቃድ የሚወጣበት፣ በማስታወቂያ የሚነገርለት፣ እንግዳ ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ የሚመጣለት። በታችኛው ገናሌ የአገሩ ልጅ የሆነው ሰፊ አፍ አዳኝ አለ፤ የትም አገር የማይገኝ፣ ለመፈጠሩ ሺህ ዘመናት የፈጀ፣ በጎብኚ መጽሐፍ አንድም መስመር የሌለው። የመጀመሪያው በዓለም ወንዞች ሁሉ ሞልቷል፤ ከባሌ ቢጠፋ ዓለም አይጎድልበትም። ሁለተኛው ከገናሌ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚያመጣው የለም።

ለሁለተኛው ደግሞ ጊዜ እየጠበበ ነው። 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በ2012 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ለአገሪቱ የኃይል አቅርቦት የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ለመራባት ወንዝ ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ግድብ ሲገጥመው መንገዱ ይቆረጣል። የጣና ነጭ ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባሮች ሲወጡ በወንዝ አፍ በተዘረጋ መረብ እየተያዙ ክፉኛ መመናመናቸው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ክትትል ታይቷል። የገናሌው ዘመዳቸው እንዲህ ያለ ክትትል ያስፈልገዋል። በላይኛው ተዳፋት የሚታረሰው ገደላማ መሬት የሚልከው ደለልም ለእንግዳው ትራውትም ለአገሩ ዓሣም እኩል ጠላት ነው፤ ሁለቱም ንጹሕ ጠጠር ይፈልጋሉና።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ለዚህ ያበቁት አምባው፣ ደኑና በውስጣቸው ያሉት ብርቅ ፍጥረታት ናቸው። ወንዞቹም ከዚያ ክብር ድርሻቸውን ማግኘት አለባቸው። ሥራው ለመጀመር የሚከብድ አይደለም። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ፣ ወንዞቹ ደጃፍ ላይ ነው ያለው። በወይብ፣ በዳንካና በሻያ ከፏፏቴ በላይና በታች ያለውን ዓሣ፣ እጭና እንቁራሪት እየቆጠረ የሚመዘግብ ተማሪ የትራውቱን አሻራ በቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ፓርኩም ትራውት ያልደረሰባቸውን ጅረቶች ለይቶ፣ ማንም ዓሣ እንዳያዛውርባቸው መጠበቅ ይችላል። በደሎ መናና በአንገቱ በኩል ደግሞ ከወልመልና ከገናሌ ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች የሚያውቁትን፣ የትኛው መልክ በየትኛው ወር በየትኛው የወንዙ ክፍል እንደሚገኝ፣ ጠይቆ መጻፍ ቀዳሚው ሥራ መሆን ይገባዋል።